ከሠርግ በፊት የሚጻፍ የጋብቻ ውል፦ መፈረም ወይስ መተው?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በዲማና በአካባቢው፣ ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ስለ ሀብት መነጋገር ነውር ሆኖ አያውቅም። የወንዱ ወገን ምን እንደሚያዋጣ፣ የሴቷ ወገን በምን እንደሚመልስ፣ ጥሎሹ ምን እንደሚሆን፣ ለጎጆ መውጫ ማን ምን እንደሚሰጥ በሽማግሎች ፊት ይቆጠራል። ዲማን በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በኩል የሚያውቅ አንባቢም ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጣውን አማች በዘር ሐረግ ሲመዝኑ ያስታውሳል። ጋብቻ ከፍቅር በፊት የሁለት ቤተሰቦች ስምምነት በነበረበት አገር ሚዛን ማውጣት የተለመደ ነገር ነበር።

ሙሽሮቹ ራሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው «ይዘን የመጣነው እንዲህ ይሁን፤ አብረን የምናፈራው ደግሞ እንዲህ» ብለው ይጻፉ ሲባል ግን ብዙዎች ይሸማቀቃሉ። «ገና ሳንጋባ ስለ ፍቺ?» ይባላል። ውሉን ያነሣው ወገን ፍቅሩ እንደ ጎደለ፣ ያልተቀበለው ደግሞ ለሀብት እንደ መጣ ተደርጎ ይታማል። በዚህ ሐሜት መካከል ዋናው ጥያቄ ይረሳል፤ ይኸውም ውል ሳይጻፍ ቢቀር ንብረቱ በምን ሕግ ይተዳደራል የሚለው ነው። ያለ ውል የተጋቡ ሰዎች ያለ ደንብ አልተጋቡም። ደንቡን ሕግ አውጪው አስቀድሞ ጽፎላቸዋል፤ ሳያነቡት ተቀብለውታል። ስለዚህ አንድ ሙሽራ መፈረም አለመፈረሙን የሚወስነው ይህን የተጻፈለትን ደንብ ካወቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

የጋብቻ ውል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። «ሰማንያ» የሚለው ቃል ራሱ የውል ስም ነው። በጎጃምና በሌሎች የአማራ አካባቢዎች የሰማንያ ጋብቻ ከቁርባን ጋብቻም ሆነ ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ ከሚፈጸመው የደሞዝ ጋብቻ የሚለየው፣ ሁለቱ ወገኖች በዋስና በምስክር ፊት ቃል የሚገቡበት፣ ቀድሞ በንጉሥ ስም መሐላ የሚፈጸምበት፣ ባልና ሚስት ያፈሩትን ሲለያዩ የሚካፈሉበት ሥርዓት በመሆኑ ነው። ስሙ ከምን እንደ መጣ ልዩ ልዩ ትርጓሜ ይሰጠዋል። የማያከራክረው ወረቀቱ ነው፤ ዛሬም ቢሆን «ሰማንያ ቀደዱ» ሲባል ተፋቱ ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚቀደድ ነገር ቀድሞ የተጻፈ ነገር ነውና አባቶቻችን ሲጋቡ ስለ መለያየት ጭምር ይጽፉ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ፍትሐ ነገሥትም በምዕራፍ 24 ስለ መተጫጨት፣ ስለ ጥሎሽና ስለ ጋብቻ ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የጋብቻ ውልን በዘመናዊ ሕግ ቋንቋ አስገባው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህንኑ አጸና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ዲማ ላይም ሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚጋቡ ሰዎችን የሚገዛው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የሁለቱ ሕጎች ዋና ዋና መርሖች የሚቀራረቡ በመሆናቸው ከዚህ በታች የአንቀጽ ቁጥር ሲጠቀስ የፌዴራሉ ነው። ውል የሚያዘጋጅ ሰው ግን የክልሉን አዋጅ መያዝ አለበት።

ሕጉ ለተጋቢዎች የጻፈው ደንብ በአጭሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ ከጋብቻው በፊት የነበረው ንብረት፣ ከጋብቻው በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው ንብረት፣ የግሉ ሆኖ ይቀጥላል (አንቀጽ 57)። በትዳር ውስጥ በጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ ደግሞ የጋራ ነው። ሰዎች የሚስቱት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። አንቀጽ 62 የጋራ የሚያደርገው ደመወዝንና የንግድ ትርፍን ብቻ አይደለም፤ ከግል ንብረት የሚገኘውንም ገቢ ጭምር ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት መምህርት ከጋብቻዋ በፊት በደብረ ማርቆስ ከተማ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሠርታ አከራይታ ነበር እንበል። ቤቱ ከሠርጉ በኋላም የእርሷ ነው። የቤቱ ኪራይ ግን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ የባልና ሚስቱ የጋራ ገቢ ይሆናል። ከአምስት ዓመት በኋላ ባልዬው በንግድ ያገኘውን ገንዘብ አውጥቶ ጣራውን ቢለውጥ፣ አራተኛ ክፍል ቢጨምር፣ በግቢው ባሕር ዛፍ ቢተክል፣ ያ ቤት የማን ነው? መሬቱና የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የእርሷ ናቸው ሲባል የተጨመረው ምን ይሆናል? ፍርድ ቤት የሚቀርቡ የንብረት ክርክሮች ጠንካራ ክፍል ይህ ነው። ክፋት ሳይኖር፣ ሁለቱም እውነት እየተናገሩ፣ ደረሰኝ ስለ ሌለ ብቻ ዓመታት የሚፈጅ ሙግት ይነሣል።

ገጠር ላይ ምሳሌው መልኩን ይለውጣል። ወላጆች ለልጃቸው ጎጆ መውጫ ጊደር ይሰጣሉ። ጊደሯ በስጦታ የመጣች ናትና የተቀባዩ የግል ሀብት ናት። ወልዳ፣ ጥጃዎቹ አድገው፣ ተሸጠው በሬ ቢገዛባቸው፣ በሬዎቹ የማን ናቸው? ከግል ንብረት የተገኘ ፍሬ የጋራ ነው የሚለው መርሕ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሽማግሌዎች ግን «ከብቱ የአባቷ ቤት ዘር ነው» ብለው ሊፈርዱ ይችላሉ። ስጦታው ለማን እንደ ተሰጠ ራሱ ያከራክራል። ለልጅየው ነው ወይስ ለጎጆው? በሠርግ ቀን በደስታ መካከል የተሰጠ ነገር ለማን እንደ ተሰጠ ማንም አይጽፍም።

በማስረጃ ረገድ ሕጉ የቆመበት ቦታም መታወቅ አለበት። አንቀጽ 63 በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት ሁሉ፣ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ፣ የጋራ እንደ ሆነ ይገምታል። «የግሌ ነው» የሚል ሰው ማስረዳት ያለበት እርሱ ነው። ከዚህም በላይ በግል ገንዘብ በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት የግል ሆኖ የሚቆጠረው ፍርድ ቤት በጥያቄው መሠረት ሲወስን ነው (አንቀጽ 58)። የአባቱን ቤት በውርስ አግኝቶ፣ ሸጦ፣ በገንዘቡ መኪና የገዛ ሰው ይህን ካላደረገ መኪናው የጋራ እንደ ሆነ ቢነገረው ሊደነግጥ አይገባም። የጋብቻ ውል ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ሁሉ ምናልባት ትልቁ እዚህ ላይ ያለው ነው፤ ማን ምን ይዞ እንደ ገባ በዝርዝር የተጻፈበት፣ የተፈረመበትና ቀን ያለው ወረቀት ይሆናል። የመከፋፈል ደንብ ባይኖርበት እንኳ ዝርዝሩ ብቻውን ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ስለ መሬት ጥቂት ማለት የግድ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታና የመጠቀም መብት ነው፤ በአማራ ክልል ይህን የሚገዛው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። በጋራ የተያዘ መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በባልና ሚስት ስም ይዘጋጃል። በ1989 ዓ.ም. በተካሄደው የመሬት ድልድል ጊዜ ሕፃን የነበሩ ወይም ያልተወለዱ የዛሬ ሙሽሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ መሬት የሚያገኙት ከወላጅ በስጦታ ወይም በውርስ ነው። ያ መሬት ወደ ትዳሩ የሚገባው በአንዱ ስም ነው። ሌላኛው ወገን ደግሞ ሃያ ዓመት ያርሰዋል፣ ያርመዋል፣ እርከን ይሠራበታል። የጋብቻ ውል የመሬት አዋጁን ሊሽር አይችልም፤ በስጦታ የሚተላለፍ የይዞታ መብትም በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ካልተመዘገበ በውል ላይ መጻፉ ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። ውሉ ሊናገር የሚችለው ስለ ምርቱ፣ በመሬቱ ላይ ስለሚሠራው ቤት፣ ስለሚተከለው ዛፍና ስለሚወጣው ወጪ ነው።

ታዲያ ውሉ ምን ማድረግ ይችላል? አንቀጽ 42 ተጋቢዎች ከጋብቻቸው በፊት ወይም በጋብቻቸው ዕለት ጋብቻው በንብረታቸው ላይ የሚኖረውን ውጤት በውል መወሰን እንደሚችሉ ይገልጻል፤ በግል ግንኙነታቸው ረገድ የሚኖሯቸውን መብቶችና ግዴታዎችም መጻፍ ይችላሉ። በዚህ መሠረት ሁለት ተቃራኒ ውሎች ይጻፋሉ። አንደኛው የግል የነበረውን የግል አድርጎ የሚያቆየው ነው። ሁለተኛው፣ ሰዎች እምብዛም የማያስቡት፣ ቀድሞ የነበረውን ሁሉ የጋራ የሚያደርገው ነው። የጋብቻ ውል ማለት መለያየት ማለት ነው የሚለው ግምት ስሕተትነቱ እዚህ ላይ ይታያል፤ አንዳንዱ ውል ከሕጉ በላይ ያጋራል። እንዲህ ያለውን ውል የሚፈርም ሰው በተለይ ቆም ብሎ ያስብ። በሠርግ ሰሞን ሞቅታ «ያለኝ ሁሉ ያንቺ ነው» ብሎ መናገርና በአራት ምስክር ፊት መፈረም አንድ አይደሉም።

ማድረግ የማይችለውም አለ። ሕጉ አስገዳጅ ያደረገውን ድንጋጌ አይሽርም። ባልና ሚስት እርስ በርስ ያለባቸውን የመከባበርና የመደጋገፍ ግዴታ አያነሣም። የልጆችን ቀለብ አስቀድሞ አይሰርዝም፤ የልጁ መብት እንጂ የወላጆቹ ገንዘብ አይደለምና። «ፍቺ የጠየቀ ምንም አይወስድም» ብሎ አንዱን በትዳር ውስጥ በግድ ለማቆየት የሚጻፍ ሐረግም የዳኛ ዐይን አያልፍም ማለት ይቻላል። በሦስተኛ ወገን ላይም ግዴታ አይጥልም። ለቤተሰቡ ጥቅም የተወሰደ ብድር ካለ አበዳሪው ተቋም «በውላችን ዕዳው የባሌ ብቻ ነው» የሚለውን አይሰማም።

ፎርሙን በተመለከተ ሕጉ ጥብቅ ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በባል በኩል ሁለት፣ በሚስት በኩል ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ምስክሮች ይፈርሙበታል። ቅጂውም በፍርድ ቤት ወይም ጋብቻውን በሚመዘግበው አካል ዘንድ እንዲቀመጥ ይደረጋል። በሽማግሌ ፊት በቃል የተባለ ነገር የቱንም ያህል የተከበሩ ሰዎች ቢሰሙት የጋብቻ ውል አይባልም። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ከሠርጉ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም (አንቀጽ 73)። ይህ ገደብ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንድ ጣራ ሥር ያሉ ሰዎች አንዱ ሌላውን ለማስፈረም ብዙ መንገድ አለው። «ስንጋባ እናስብበታለን» የሚለው መልስ ስለዚህ በሩን ሙሉ በሙሉ ባይዘጋም ያጠበዋል።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ዘመድ ከየአገሩ ተሰብስቦ ሳለ የሚቀርብ ወረቀት ግን ከሕግ አንጻር ጊዜው ያላለፈ ቢሆንም ከኅሊና አንጻር አልፏል። በዚያ ሰዓት «አልፈርምም» ማለት ሠርግ ማፍረስ ነው። በተለይ ሙሽራዪቱ በዕድሜም በገቢም አነስተኛ ከሆነች ፊርማዋ ፈቃድዋን አያሳይም። ፈቃድ የጎደለው ውል ደግሞ ኋላ በፍርድ ቤት የሚጠየቅ ውል ነው። ይህ በሌላው ዓለምም የታየ ነገር ነው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. በሰጠው ታዋቂ ውሳኔ እንዲህ ያሉ ውሎች ክብደት የሚሰጣቸው ሁለቱም ወገኖች በነጻ ፈቃዳቸው፣ ውጤቱንም በሚገባ ተረድተው የገቡባቸው ሲሆኑና ውጤቱም ፍትሐዊ ሲሆን እንደ ሆነ አስረድቷል። በውጭ አገር የሚኖር ሰው ከአገር ቤት የምታገባውን እጮኛውን ለማስፈረም ሲያስብ ውሉ በሚኖርበት አገር ፍርድ ቤትም ሊመዘን እንደሚችል ማስታወስ ይኖርበታል። በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ፣ ያላስረዷት ውል ለእርሱም ቢሆን ብዙ አይጠቅመውም።

ማን ይፈርም? ሁለቱም ሥራ ጀማሪዎች ሆነው፣ ቤትም መሬትም ሳይኖራቸው የሚጋቡ ወጣቶች የሕጉ ደንብ ይበቃቸዋል። ከባዶ ይጀምራሉ፤ የሚያፈሩት የጋራ ነው፤ ሲካፈሉም በእኩል ነው። እዚህ ላይ ውል ቢጻፍ ወረቀት ከማብዛት በቀር የሚጨምረው የለም።

ከእነዚህ ይልቅ ውሉ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የማይጠየቁት ናቸው፤ እነርሱም ዳግመኛ የሚያገቡት ናቸው። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ ከሟች ጋር ያፈራችው ቤትና ከብት ያላት ሴት ሌላ ሰው ስታገባ የመጀመሪያ ልጆቿ ዕጣ ፈንታ በእጇ ነው። ቤቱ ውስጥ የሟቹ ድርሻ የልጆቹ ውርስ ነው፤ የቀረው የእርሷ ነው። ይህ ሳይለይ፣ ሳይጻፍ አዲስ ትዳር ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በኋላ የእንጀራ አባትና የእንጀራ ልጆች በአንድ ግቢ ላይ ይካሰሳሉ። ለዚህ ዓይነቱ ትዳር ውል መጻፍ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ የውርስ ማጣራቱን መጨረስ ይገባል። ሚስቱ የሞተችበት ወንድም እንዲሁ ነው። ከወንድምና ከእኅት ጋር በጋራ የሚሠራ ንግድ ያለው፣ ከጋብቻ በፊት ዕዳ ያለበት፣ በቤት ማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ያገኘና ግንባታውን ከሠርጉ በኋላ የሚጨርስ ሰውም በዚሁ ረድፍ ይገባል።

በተቃራኒው፣ «ሁሉም በየግሉ» የሚል ውል ሲቀርብላት ማመንታት ያለባት ሴት አለች። ሥራዋን ትታ ልጅ የምታሳድግ፣ ወይም በባልዋ ሱቅ ያለ ደመወዝ የምትሠራ፣ ወይም በማሳ ላይ አብራ የምትውል ሴት በስሟ የሚመዘገብ ገቢ የላትም። የሕጉ የጋራ ንብረት ደንብ የሚጠብቃት እርሷን ነው፤ በቤት ውስጥ የምታደርገው ጥረት በባልዋ ስም በተገዛው ሁሉ ላይ እኩል ድርሻ እንዲሰጣት ያደርጋል። ይህን ደንብ በውል ማስቀረት ያንን ጥበቃ መጣል ነው። የደሞዝ ጋብቻን ታሪክ ያነበበ ሰው ሴቷ በትዳር ውስጥ ያፈራችውን ሳትካፈል በተቆረጠላት ክፍያ ብቻ የምትወጣበት ሥርዓት ምን እንደ ነበር ያውቃል። እንዲህ ያለ ውል መፈረሟ ግድ ከሆነ በውሉ ውስጥ ለእርሷ የሚቀመጥ የተወሰነ ንብረት ወይም ቁጠባ እንዲኖር መጠየቅ አለባት። ያንን የማይቀበል እጮኛ ስለ ራሱ ብዙ ነገር ነግሯታል።

አነጋገሩን በተመለከተ የአካባቢው ልማድ የሚረዳ ነገር አለው። ልጅ ለመጠየቅ የሄዱት ሽማግሌዎች ስለ ጥሎሽ ሲነጋገሩ ስለ ውሉም ማንሣት ይችላሉ፤ ጥያቄው ከሙሽራው አፍ ስለማይወጣ እንደ አለመተማመን አይቆጠርም። ይህ መንገድ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ሽማግሌ የቤተሰብን ጥቅም ያስቀድማል፤ ሙሽሮቹ በመሥሪያ ቤት ያጠራቀሙትን፣ የተበደሩትንና ያበደሩትን በዘመድ ፊት መዘርዘርም አይወዱ ይሆናል። የሚሻለው ሐሳቡን በሽማግሌ ማስከፈት፣ ዝርዝሩን ለሁለቱ መተው ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የሕግ ምክር ቢያገኙ ደግሞ መልካም ነው፤ አንድ ጠበቃ ለሁለቱም ከጻፈው የከፈለውን ወገን ማድላቱ አይቀርም። የመክፈል አቅም የሌለው ሰው በወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ስለ መብቱ መጠየቅ ይችላል።

ለመፈረም የወሰኑ ተጋቢዎች ቢያንስ ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው ይጀምሩ። በዝርዝሩ ውስጥ የቤቱ ካርታ ቁጥር፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ቅጂ፣ የባንክ ሒሳቡ መጠን በቀኑ፣ የከብቱ ቁጥር፣ የቀረው ዕዳ ይግባ። ምስክሮቹ በዕድሜ የገፉ ብቻ እንዳይሆኑ ይታሰብበት፤ ውሉ የሚያስፈልገው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ቅጂ ለባል፣ ቅጂ ለሚስት፣ ቅጂ ለመዝገብ። በተለይ የሚስት ቅጂ ባል በሚቆልፈው ሣጥን ውስጥ አይቀመጥ፤ ከእኅቷ ወይም ከእናቷ ዘንድ ቢሆን ይሻላል።